«አንዳንዴ ይጠፋል» የሚባል የናፍጣ መኪና ሲመጣላችሁ

አዳማ ውስጥ ጋራዥ ገብታችሁ ሙያ የጀመራችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እጃችሁ ፈጣን ነው። የናፍጣ ፖምፓ ማውረድ፣ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተር መፍታት አያቅታችሁም። የሚያስቸግራችሁ ሹፌሩ «አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይለውም» ብሎ የሚያመጣው መኪና ነው። ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩ ሰላም ነው። መካኒኩ እጁን አጣጥፎ መቆም ያሳፍረዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ይፈታል።

አትፍቱ። ብልሽቱን ራሳችሁ ሳታዩት ወይም መቼ እንደሚመጣ ሳታውቁ አንድም ዕቃ አትቀይሩ። ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ሰው ገንዘብ ነው። የዘመናዊ ናፍጣ ፖምፓና ኢንጀክተር ከውጭ የሚገባ ውድ ዕቃ ነው። በመኪናው ለሚተዳደር ሰው የስንት ወር ገቢ ነው። ዕቃው ተቀይሮ ችግሩ ሲመለስ ሰውየው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ሥራው የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ሲጠፋ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ገና ቀዝቃዛ ነው? ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ውስጥ ምን ያህል ናፍጣ ነበር? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ምን ያህል ቆሞ ተነሣ? ከሁሉም በላይ ግን አጠፋፉን ጠይቁ። እየተንገጫገጨ ጉልበት አጥቶ ከጠፋ ናፍጣ እያነሰው ወይም አየር እየገባበት ሊሆን ይችላል። ቁልፍ እንደተዘጋ ያህል ድርግም ካለ ግን መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪኩ ተመልከቱ።

የመጨረሻውን ናፍጣ የት እንደቀዳም ጠይቁ። ናፍጣ በጠፋ ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ብዙ ነው። ሹፌሩ ግን የመኪናውን ባለቤት ስለሚፈራ አይናገርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የደበቀውን እንዲናገር መርዳት ደግሞ የእናንተ ፋንታ ነው። ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ዞር ሲል ለብቻው ጠይቁት፣ አትቆጡት። ከፊልትሮው (ከናፍጣ ማጣሪያው) ሥር ትንሽ ናፍጣ በብርጭቆ ቅዱና አቁሙት። ውሃ ካለው ውሃው ከታች ይዘቅጣል።

ከአዳማ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ፒክአፕ ትዝ ይለኛል። የፍጥነት መንገዱ ላይ ሲሄድ ሲሄድ ጉልበቱ ይደክምና ይጠፋል። ትንሽ ቆሞ ይነሣል። ከተማ ውስጥ ምንም የለበትም። እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ ፖምፓው ወርዶ ተሠርቶለት ነበር። ሹፌሩ በወሬ መሐል «ልቀዳ ክዳኑን ስከፍት ፉ ይላል» አለ። መልሱ እዚያው ነበር። ናፍጣ ከሰልባትዮ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። የዚህ መኪና መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል። ረጅም መንገድ ላይ ብዙ ናፍጣ ሲሳብ ውስጡ ይታፈንና ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ሲቆም አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል፣ መኪናውም ይነሣል። መተንፈሻው ተጸዳ፣ ችግሩ አለቀ።

መተንፈሻውን ስትጠረጥሩ የሰልባትዮውን ክዳን ላላ አድርጋችሁ ንዱት። እንዲያም ሆኖ ከጠፋ፣ ሰልባትዮ ውስጥ ያለውን ወንፊት ተመልከቱ። ቆሻሻ ሲሳብ ይለጠፍበታል፣ ሞተሩ ሲቆም ይለቀዋል። ጠባዩ ከመተንፈሻው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ያሳስታል።

አየር የባሰ ያደክማል። በብዙ መኪና ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር የሚሳብ መስመር ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲሰነጠቅ ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ አየር ያስገባል እንጂ። ከፖምፓው በፊት የሚያሳይ ቱቦ ግጠሙና አረፋ መኖሩን እዩ። ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ ከያዘ ጀሪካን በሌላ ቱቦ ሞተሩን አስነሡ። ችግሩ ከጠፋ ከሰልባትዮ በኩል ነው ማለት ነው፣ ፖምፓውን ተዉት። ሰልባትዮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ያለው መኪና ግን ናፍጣውን ስለሚገፋ ቱቦው ሲሰነጠቅ ወደ ውጭ ያፈሳል።

አዳማ ሞቃት ከተማ ናት። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሥቶ ቀትር ላይ ሲሞቅ አልነሣም የሚል መኪና ብዙ ይገጥማችኋል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ውስጡ ያለቀ ፖምፓ ደግሞ የቀጠነውን ናፍጣ መያዝ ያቅተዋል። በአሮጌዎቹ መኪኖች ሞተሩን አጥፍታችሁ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉና ጠብቁ። ከተነሣ ፍንጭ አገኛችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ግን አትድፉበት፣ ውስጡ ተጣብቆ ሊነክስ ይችላል። በኮመን ሬይል ሞተር፣ ማለትም ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ሬይል በሚባል የጋራ ቧንቧ ለኢንጀክተሮቹ በሚከፋፈልበት፣ ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰውን ትርፍ ናፍጣ በእኩል ጠርሙሶች ያዙ። ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚሞላው ተጠርጣሪ ነው።

ፖምፒስታ (የፖምፓና ኢንጀክተር ባለሙያ) ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሞተሩን ሲያዞር የመመርመሪያ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር ያሳያል? ዜሮ ካለ ናፍጣውን ተዉት። የሞተሩን ዙር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰርም ሲበላሽ ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ስንት ጤነኛ ፖምፓ በሱ ኃጢአት ይወርዳል።

ኮምፒውተርን አከብራለሁ፤ የሚለውን ግን አንብቡ። ፒ0087 የሚለው ኮድ የሬይሉ ግፊት አንሷል ይላል። ፖምፓው ሞቷል አይልም። የተደፈነ ፊልትሮም ያንኑ ኮድ ያመጣል። ኮዱን ሳትጽፉ አታጥፉ። የተፈለገውን ግፊትና ያለውን ግፊት ጎን ለጎን ተመልከቱ፣ በተለይ በሚጠፋበት ሰዓት።

ለአሮጌው ሞተር ኮምፒውተር አያስፈልግም። ፖምፓው ላይ ካለው፣ በኤሌክትሪክ ናፍጣውን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው የማጥፊያ ሶሌኖይድ ሽቦ አንድ ትንሽ አምፑል እስከ ዳሽቦርዱ ሳቡ። ሞተሩ ሲጠፋ አምፑሉም ከጠፋ ቁልፉን፣ ፊውዙንና ሽቦውን ፈልጉ። ከበራ ወደ ናፍጣው ተመለሱ።

መኪናውን የሚጠፋበት ቦታ ውሰዱት። ለኛ የአሰላ መንገድ አለ። አዳማ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ አሰላ 2,400 ሜትር ግድም ናት። ከዴራ ወደ ኢተያ ያለው ዳገት፣ መኪናው ከነጭነቱ ሲወጣው፣ ጋራዥ ውስጥ የማይታየውን ያሳያችኋል። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ቁጥሩን ያንብብ።

ስለ ራሳችሁም ልናገር፣ ይህ እንቅልፍ የሚነሣኝ ጉዳይ ነውና። በኮመን ሬይል ውስጥ ያለው ግፊት በብዙ መኪና ከ1,600 ባር በላይ ይደርሳል። ሞተሩ እየሠራ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ አታላሉ። የሚያፈስበትን ቦታ በእጃችሁ አትፈልጉ፣ ካርቶን ተጠቀሙ። ያ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ነው፣ ላያምምም ይችላል። ውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

አንዳንዱን ብልሽት ቶሎ አታገኙትም። ያኔ ለባለቤቱ «እስካሁን አላገኘሁትም» በሉት። ያያችሁትንና ደህና መሆኑን ያረጋገጣችሁትን ንገሩት። ለሹፌሩ ደብተር ስጡት፤ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የናፍጣውን መጠንና ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደተነሣ ይጻፍ። የፍለጋ ጊዜያችሁም ሥራ ነው፤ ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ።