«ስድስት ወር ሲሞላው ራሱ ይስተካከላል»

ባለፈው ወር ቨርጂኒያ ውስጥ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ዲጄው ጆሯችንን ሲያደነቁረው ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከረባቱን ያላላ አንድ ወጣት ተከትሎኝ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝና «ጋሼ፣ እርስዎ አርሚ ነበሩ አሉኝ» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት አልኩት። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱም ነበረበት። ከተሰናበተ አራት ወሩ ነው። ስንብቱ «ኦነረብል» (በክብር) ሳይሆን ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው «ጄኔራል» ነው። ኮሌጅ ለመግባት ጂአይ ቢል (ለወታደር የሚሰጠውን የትምህርት ክፍያ) ሲጠይቅ አይገባህም ተባለ። ቢሆንም ብዙ አልተጨነቀም። «ስድስት ወር ሲሞላው ራሱ ይስተካከላል አይደል ጋሼ?»

ወዲያው አልመለስኩለትም። ይቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። እኔው ራሴ አንድ ጊዜ ለሌላ ልጅ ነግሬያታለሁ።

ራሱ አይስተካከልም። በስድስት ወርም በስድሳ ዓመትም። ካላመለከትክ ወረቀቱ እንደተጻፈ አብሮህ ይቀበራል። ይህንኑ ነገርኩት። ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ሲጨርሱ እኛ ገና ውጭ ነበርን። ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለሌሎቻችሁም ልጻፈው አልኩ።

ነገሩ የሆነው በ2005 ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ከአርባ ዓመት ስደት በኋላ የእኛን አቆጣጠር የማስታውሰው ለእንቁጣጣሽ ብቻ ነው።) በአንድ የደቡብ ካምፕ የስንቅና ትጥቅ ሳጅን ነበርኩ። በክፍላችን አንድ የጎንደር ልጅ ነበር። አሁን ከአርባ አልፏል፤ ለእኔ ግን አሁንም ልጁ ነው። በ2001 ዲቪ ደርሶት መጣ። በዓመቱ ግሪን ካርዱን ይዞ ተመዘገበ። በ2003 ኢራቅ ሄደ። ነዳጅ ቦቴ ነበር የሚነዳው።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። መኪና ሲነዳ በመንገዱ መሐል ነው። ዳር ላይ የተጣለ ካርቶን ወይም የቆሻሻ ከረጢት ካየ መሪውን አጥፎ ይሸሸዋል። እዚያ ፈንጂ የሚቀበረው በእንደዚያ ዓይነት ነገር ውስጥ ነበር። አንድ ቀን እንጀራ ልንገዛ አብረን ስንሄድ ይህን ሲያደርግ አይቼ ሳቅኩበት። «መንጃ ፈቃድህን ማን ሰጠህ?» አልኩት። እሱ አልሳቀም። ሌሊት እንደሚያባንነውም ነገረኝ። ጸበል ጠጣ አልኩት። ከእኛ ካምፕ ቅርቡ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ጸበሉን ከየት እንደሚያመጣው አላሰብኩም። ካምፑ ውስጥ ሐኪም እንዳለ ግን አውቅ ነበር።

መጠጥ ጀመረ። የጠዋት ሰልፍ ላይ መቅረት ጀመረ። ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። ከአርባ ቀን በኋላ በራሱ እግር ተመለሰ። ክስ ተመሠረተበትና ሁለት መንገድ ቀረበለት። አንደኛው ጦር ፍርድ ቤት መቆም ነው። ሁለተኛው በሠራዊቱ ቋንቋ «ቻፕተር ቴን» የሚባለው ነው፤ ፍርድ ቤት ከምቀርብ አሰናብቱኝ ብሎ በራስ ፊርማ መጠየቅ።

ያን ሳምንት ቆጠራ ላይ ነበርኩ። መጋዘን ውስጥ ድንኳንና ጋዝ ጭንብል እየቆጠርኩ በሩ ላይ ቆመ። በእጁ ወረቀት ይዟል። የካምፑን ጠበቃ አግኝቶት ነበር፤ ግን የሕግ እንግሊዝኛው ግማሹ አልገባውም። እኔ ጋ የመጣው በአማርኛ አንብቤ እንዳስረዳው ነበር። «ጋሼ፣ ልፈርም?» አለኝ።

ወረቀቱን አልተቀበልኩትም። ከዝርዝሬ ቀና እንኳ አላልኩም። «ፈርምና ተገላገል። ስድስት ወር ሲሞላው ራሱ ይስተካከላል።»

ከየት አመጣሁት? አንድ ሳጅን ምሳ ላይ ሲያወራ ሰምቼ ነበር። ለእሱም ሌላ ሰው ነግሮት ይሆናል። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ስንት ዘመን እንደዞረ እግዜር ይወቀው። ብዙ ዓመት ለራሴ ስናገር የኖርኩት «ያወቅኩትን ነገርኩት» እያልኩ ነው። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ሌላም ነገር ነበር። ያን ሰሞን ማዕረግ እጠብቅ ነበር። ሐበሻው ሐበሻውን ይሸፍናል እንዲሉኝ አልፈለግኩም። ልጁ ቶሎ ከፊቴ ዞር እንዲልልኝ ፈልጌ ነበር።

ፈረመ። ማዕረጉ ተገፎ መጨረሻው እርከን ላይ ወረደ። ስንብቱ «አዘር ዛን ኦነረብል» ሆኖ ተጻፈ። በአማርኛ ከክብር በታች ልበለው። ሻንጣውን ታክሲ ላይ የጫንኩለት እኔ ነበርኩ። አመሰገነኝ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ትንሽ ልበል። አባቴ የቀድሞው ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር። በእኛው አቆጣጠር በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ተነስቶ በእግሩ ደሴ ገባ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር እንዲያ ነው የተበተነው። ዕድሜ ልኩን አገልግሎ «ይህ ሰው ወታደር ነበር» የሚል ቁራጭ ወረቀት የሰጠው የለም። ሜዳይውን በኒዶ ጣሳ ውስጥ ደብቆ አኖረው። እኔ ያኔ እዚህ ተቀጥሬ ነበር። በስልክ ስንገናኝ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስትወጣ ወረቀትህን ይዘህ ውጣ።» ይዤ ወጣሁ። በ2010 ጡረታ ስወጣ ዲዲ 214 የተባለችውን የስንብት ወረቀቴን አሥር ጊዜ አነበብኳት፤ የስሜን ፊደል ሳይቀር። የልጁን ግን አንዴ እንኳ አላነበብኩለትም።

ልጁን ዳግም ያገኘሁት በ2022 ነው። ዋሽንግተን መኪና ላቆም ገባሁና ቲኬት የሚሰጠው ሰው ትክ ብሎ አየኝ። «ጋሼ!» አለኝ። ተቃቀፍን። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋብን ድረስ ቆምን። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ። እሱ ግን እየሳቀ «ስድስት ወሩ አልሞላም እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

በዚያ አሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ያጣውን ቡና እየጠጣን ነገረኝ። ጂአይ ቢል የለም። ዜግነትም የለም። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ ላገለገለ ወታደር ሕጉ በአጭር መንገድ ዜግነት ይሰጣል፤ ግን ስንብቱ በክብር ሁኔታ ካልሆነ ያ በር ይዘጋል። በተለመደው መንገድ እንዳያመለክት ደግሞ «ስለ ሠራዊቱ ይጠይቁኛል» ብሎ ፈራ። ግሪን ካርዱን እያደሰ ኖረ። ቪኤ የሚባለውን የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ሆስፒታልም ረግጦ አያውቅም፤ አይገባኝም ብሎ ደመደመ። ይሄኛው የራሱ ስህተት ነው። ቪኤ የሠራዊቱን ወረቀት አይቶ በራሱ መንገድ ይወስናል። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው በዚህ ዓይነት ወረቀት ቢሰናበትም የአእምሮ ጤና ሕክምና የሚያገኝበት ሕግ አለ። ይዤው ሄድኩ። ስሙ ወጣለት፤ ፒቲኤስዲ፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም። መንገድ ዳር ያለውን ካርቶን ለሐኪሟ ሲነግራት ከእሱ ይልቅ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

ከዚያ ፋይሉን ሴንት ሉዊስ ካለው መዝገብ ቤት አስመጣን። ማመልከቻው ኤስኤፍ 180 ይባላል፤ አንድ ወረቀት ነው። (በ1973 እዚያ ትልቅ እሳት ተነስቶ ሚሊዮኖች የወታደር ፋይል ወድሟል። አንድ የኮሪያ ዘማች ጎረቤት ነበረኝ፤ የእሱ ከተቃጠለው ውስጥ ነበር። የእናንተ የለበትም፤ አትስጉ።) ፋይሉ ሲመጣ ያቺን ያልተቀበልኩትን ወረቀት በመጨረሻ አነበብኳት። በግልጽ እንግሊዝኛ ተጽፏል። እንዲህ ዓይነት ስንብት በራሱ ጊዜ እንደማይሻሻል ተረድቻለሁ፣ እንዲሻሻል ከፈለግኩ ራሴ ለቦርድ ማመልከት አለብኝ ይላል። ከሥሩ የልጁ ፊርማ አለ። ሁለት ደቂቃ ወስጄ ባነብለት ኖሮ ያቺ ወሬ ከአፌ አትወጣም ነበር።

እንግዲህ ምክር ከተባለ ይኸው። በሰዓት ተገኙ፣ አትጠጡ የሚለውን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል፤ እኔ አልደግመውም።

ከተሰናበታችሁ አሥራ አምስት ዓመት ካልሞላ የምትሞሉት ፎርም ዲዲ 293 ነው፤ ለስንብት ገምጋሚው ቦርድ ይሄዳል። አሥራ አምስቱ ካለፈ ወይም ያሰናበታችሁ ከፍተኛው ጦር ፍርድ ቤት ከሆነ ዲዲ 149 ነው፤ ያ ለመዝገብ አራሚው ቦርድ ነው። የዚህኛው ጊዜ ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ነው ይላል፤ ግን ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ቦርዱ ሊያልፈው ይችላል። የልጁ አሥራ አምስት ዓመት ያለቀው በ2020 ነው። ሳንገናኝ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ለፎርሙ ክፍያ የለውም። ጠበቃም የግድ አይደለም፤ የዘማቾች ማኅበራት በነፃ ያግዛሉ። እኔ ራሴ ብዙ ሰው አግዣለሁ። ዛሬውኑ ጀምሩ። ግን ዛሬውኑ አትላኩ። መጀመሪያ የተላከ ባዶ ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን ሁለተኛው ይከብዳል። የሰርጉ ልጅ «ሌሊቱን በስልኬ ሞልቼ እልካለሁ» አለኝ። የዘንድሮ ልጆች ሁሉ ነገር በአውራ ጣት የሚያልቅ ይመስላችኋል። ቲክቶክ ላይ ያየውን ቪዲዮም አሳየኝ፤ ስድስት ወሯ እዚያም አለች! እኛ በምሳ ጠረጴዛ ያወራነውን እናንተ በሙዚቃ ታጅቡታላችሁ። በአንድ ነገር ግን ትበልጡናላችሁ። «ቴራፒስት ጋ ነበርኩ» ብላችሁ እንደ ማኪያቶ ቀለል አድርጋችሁ ትናገራላችሁ። እኛ ጸበል ነበር የምንለው። ጸበሉንም አልተውኩም፤ ሁለቱም ይሁን።

ያ ሐኪም ቤት ወረቀት ደግሞ ለቦርዱ ወርቅ ነው። በ2014 እና በ2017 መከላከያ ሚኒስቴሩ ለቦርዶቹ መመሪያ ሰጥቷል። በፒቲኤስዲ፣ በጭንቅላት ጉዳት ወይም በወሲብ ጥቃት ምክንያት ለተበላሸ ስንብት ሰፋ አድርጋችሁ እዩ ይላል። በ2018 የወጣው ደግሞ ይቅርታንና ፍትሐዊነትን ይመለከታል። ቦርዱ የሚጠይቀው በአጭሩ ይህን ነው። ሕመም ወይም የደረሰበት ነገር ነበር ወይ? በአገልግሎት ላይ እያለ ነው ወይ? ጥፋቱን ያስረዳል ወይ? ከጥፋቱ በልጦ ይመዝናል ወይ? ማስረጃችሁን ለእነዚህ አራቱ ሰብስቡ። የንስሐ አባታችሁ «ጨዋ ልጅ ነው» ብለው የሚጽፉት ደብዳቤ አይጎዳም፤ ግን ቀን የለውም። የልጁ እህት ከጎንደር የጻፈችው ቀን ነበረው። ከኢራቅ ሲደውል ምን ይል እንደነበር፣ ከየትኛው ፋሲካ ጀምሮ መደወል እንዳቆመ ጻፈችው። በተረጋገጠ ትርጉም አያያዝነው።

አማርኛ ስለቻላችሁ በ«ማቭኒ» የገባችሁ አላችሁ። ግሪን ካርድ ባይኖረውም ተፈላጊ ቋንቋ ወይም ሙያ ያለውን ሰው ሠራዊቱ የሚቀበልበት፣ ከ2009 እስከ 2016 የነበረው ፕሮግራም ነው። በእሱ ያገኛችሁት ዜግነት አምስት ዓመት በክብር ከማገልገል ጋር የተያያዘ ነው። አምስቱ ሳይሞላ ከክብር በታች መሰናበት ዜግነቱን ሊያስነጥቅ ይችላል። ቅድም ጠበቃ የግድ አይደለም ብያለሁ። ለእናንተ የግድ ነው። ሳጅን አትጠይቁ። እኔንም አትጠይቁ።

የልጁን ማመልከቻ ስናዘጋጅ የምስክርነት ቃል መጻፍ የእኔ ድርሻ ነበር። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ቦቴውን እንዴት እንደሚንከባከብ፣ ሲሄድ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረ፣ ሲመለስ በመንገድ መሐል እንዴት እንደሚነዳ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር። ፓርኪንጉ ውስጥ ባለችው ትንሽ ክፍል ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። አጠፈና መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ የስድስት ወሯስ?»

እንደገና ጻፍኩት። አሁን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አለች፣ መጋዘኑም ድንኳኑም ማዕረጉም። ከላክነው ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ፓርኪንጉ በር ላይ ስደርስ መኪናዬን ሳላቆም መስኮቱን አወርዳለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። ገና ነው።