ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «በጨረር የታከመ ቅመም ለልጆቼ ካንሰር ያመጣል ወይ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ጎጃም፣ ቡሬ ዙሪያ ነው። ውጭ አገር ያለችው እኅቴ ቁንዶ በርበሬና እርድ ላከችልኝ። ልጄ ማሸጊያውን አንብቦ «በጨረር የታከመ ነው ይላል» ሲለኝ ክው አልኩ። እናቴን በጡት ካንሰር ያጣኋት የጨረር ሕክምና ጀምራ ሳለች ነው። ቅመሙን ልጣለው? እኛ በቆሏችን ላይ ከነቀዝ ክኒን በቀር ምንም አናደርግም። ጆንያው ያለው ልጆቹ የሚተኙበት ጓዳ ነው። ባለፈው ጥር ትንሹ ልጄ ሌሊቱን ራሱን ሲያመውና ሲያስመልሰው አድሮ፣ ወተት ባጠጣው ተሻለው።

መልስ፦ እኅቴ፣ የእናትዎን ነፍስ ይማር። ብዙ ሰው ለጨረር ሕክምና የሚደርሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ፣ ካንሰሩ ያደረሰው ሞት በጨረሩ ይመካኛል። ልጆችዎን በዚያው መንገድ የማጣት ፍርሃት እንደያዘዎት ይገባኛል። ቅመሙ ግን ያንን አያደርግም።

ራጅ የተነሳ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ጨረር ይዞ አይወጣም። ቅመሙም እንዲሁ ነው። ኮባልት 60 ከሚባል ጨረር አመንጪ ብረት የሚወጣው ጋማ ጨረር ጀርሙንና ተባዩን ገድሎ ያልፋል፤ ቅመሙ ውስጥ አይቀመጥም። በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች፣ እስከ 10 ኪሎ ግሬይ (ምግቡ የተቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ያገኘ ምግብ ለጤና አያሰጋም ብለው ደምድመዋል። ጨረር የማይችለው ሻጋታ ቀድሞ የለቀቀውን አፍላቶክሲን ማጥፋት ነው። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ስለዚህ የሻገተ በቆሎና በርበሬ ቤትዎ አይግባ። እርስዎም ጡትዎን በሐኪም ያስመርምሩ፤ የእናትዎንም ታሪክ ይንገሩት።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን በመጨረሻ የጠቀሱት ክኒን ነው። ስሙ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣታል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ፣ በተዘጋ ጓዳ የተኛ ሕፃንም ይገድላል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ አለው፤ ነገር ግን አልሸተተኝም ብሎ መተማመን አይቻልም።

እንዲህ ያለ ጆንያ ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ማዞር፣ የደረት መጨምደድ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ በተለይ በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ልጅ ከታመመ፣ የበላው ምግብ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በር ከፍታችሁ ልጁን አውጡት፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ወተት! ይህን ስንት ጊዜ እንናገር? ፎስፊን ማርከሻ የለውም። ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፤ በሳንባ የገባን ጋዝ ከየት ያገኘዋል? የሚያስመልስ ልጅ ወተት ሲጋት ትን ብሎት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ልጅዎ የታመመው በጋዙ ከነበረ፣ የዳነው የተነፈሰው ጥቂት ስለሆነ እንጂ ወተቱ አድኖት አይደለም። ተሻለው ብሎ ቤት ማስቀረትም ትልቅ ስሕተት ነው፤ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሳንባ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። የእርስዎ ልጅ ከጥር ወዲህ ደህና ከሆነ ያ ጊዜ አልፏል፤ አይስጉ።

ዛሬ ማታ ግን ልጆቹ እዚያ ጓዳ አይደሩ። ለመጪው መኸር በቆሎውን በደንብ አድርቀው፣ ፒክስ በሚባለው፣ ሦስት ድርብ ሆኖ አየር በማያስገባው የእህል ከረጢት አጥብቀው ይሰሩት፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። የተረፉትን ክኒኖች ሽንት ቤት ወይም ውኃ ውስጥ እንዳይጥሏቸው፤ ጋዙን የሚያስወጣው ውኃ ነው። ልጅ በማይደርስበት፣ ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ በደረቅ ቦታ እንደተከደኑ ያቆዩና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርተው ያስረክቡ።