ጥያቄና መልስ፦ የልጆች አይሲዩ ድሬና ሐረር

የህፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ድሬ ነው። ስለ ልጆች አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የድሬው ድል ጮራ ሆስፒታል የልጆች አይሲዩ አለው ይባላል። የ3 ዓመት ልጄ ብትታመም ይቀበሏታል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። ሰው «የልጆች አይሲዩ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የጨቅላ ህፃናት ክፍሉን ነው፤ ድል ጮራም፣ ሐረር ሕይወት ፋናም አላቸው። እሱ ግን ከተወለዱ 28 ቀን ላልሞላቸው ነው፣ ማሞቂያውም ሲፓፑም (አየር በግፊት እየሰጠ ትንፋሽ የሚያግዘው መሣሪያ) በእነሱ ልክ ነው። ያንቺ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ትታያለች፣ ከከበደ ሪፈር ይጻፍላታል።

ጥያቄ፦ ባዶ አልጋ እያየን «አልጋ የለም» ይሉናል፣ ለምን?

መልስ፦ ንዴትሽ ይገባኛል እህቴ። ቬንትሌተር (በቱቦ የሚያስተነፍስ ማሽን) ላይ ያለ ልጅ አክታው ይመጠጥለታል፣ ቱቦው እንዳይወጣ ይጠበቃል፣ መድኃኒቱ በጥንቃቄ ይለካል፣ ይሄ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ከአጠገቡ የማይለይ ነርስ፣ ሞኒተርና ኦክስጅን ከሌለ አልጋው ላይ ማስተኛት ልጁን መጉዳት ነው። ምክንያቱን ማስረዳት ግን የኛ ግዴታ ነው፣ ሳትፈሩ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አምቡላንስ ከምንጠብቅ በራሳችን መኪና ሐረር ብናደርሰውስ?

መልስ፦ አቦ ተው ወንድሜ! መንገዱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን የደንገጎን ተራራ መውጣት አለ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ መንገድ ላይ ይብስበታል። ኦክስጅን ያለው አምቡላንስ ይሁን፣ ሲሊንደሩ ሙሉ መሆኑን ጌጁ (መለኪያው) ላይ እዩ። ሳትነሱ ተረኛው ሐኪም ሐረር ደውሎ አልጋ መያዙን ያረጋግጥ፣ እሺ ያለውን ሰው ስምም ሪፈር ወረቀቱ ላይ ያስፍር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባስ?

መልስ፦ ጥቁር አንበሳ አለ፣ ግን እዚያም ወረፋ ነው። ሳይደወል አትሂዱ።

ጥያቄ፦ መባሱን ቤት ውስጥ በምን እንወቅ?

መልስ፦ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወዲያው አምጡት። ሲረጋጋ ትንፋሹን 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፤ ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ 1 ዓመት 50፣ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። «ነገ ካልተሻለው» አትበሉ እባካችሁ። በጊዜ የመጣ ስንት ልጅ አለ፣ አይሲዩ ሳያስፈልገው በኦክስጅንና በመድኃኒት ብቻ ድኖ የሚወጣ።