መልስ፦ 334 ላይ ማቆም ሞኝነት ነው?

ሰላም ወንድሜ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕንዳዊው መምህርህ የነገረህ የክሪኬት ታሪክ እውነት ነው። የአውስትራሊያው አምበል ማርክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1998 ፔሻዋር ላይ ከፓኪስታን ጋር ሲጫወት 334 ራን (የክሪኬት ነጥብ) ይዞ አመሸ። የአገሩ ሪከርድም 334 ነበር፤ ዶናልድ ብራድማን በ1930 ያስመዘገበው። አንድ ራን ብቻ ቢጨምር ሪከርዱ ለብቻው የእሱ ይሆን ነበር! ጠዋት ግን ራሱ “ቡድናችን መምታት በቃው” ብሎ ፓኪስታን በተራዋ እንድትመታ አስገባ።

ሞኝነት አይደለም ወይ ላልከው፣ ለእኔ አይደለም። ቴስት የሚባለው ይህ ረጅም የክሪኬት ዓይነት ቢበዛ አምስት ቀን ነው። ለማሸነፍ ብዙውን ጊዜ ተጋጣሚህን ሁለቴ ጠርገህ ማስወጣት አለብህ፣ በየዙሩ አሥር መቺ፣ በጠቅላላ 20 ዊኬት ማለት ነው። ራን ብቻ ስትቆልል ሰዓቱ ያልቅብሃል። (ያም ጨዋታ አቻ ነው ያለቀው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

በ2004 ደግሞ የዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች ቡድን) አምበል ብራያን ላራ አንቲጓ ውስጥ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወት 400 ራን መታ። እስከ ዛሬ የሰበረው የለም። ጨዋታው አቻ ወጣ፣ ለራሱ ነው የተጫወተው ብለው የወቀሱትም አሉ። እኔ ብዙም አልፈርድበትም። ቡድኑ የቀደሙትን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፎ ነበር፤ የቀረው ክብር ነው።

ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ስላለው፣ ጎሉን እየቆጠረ አያቀብልም ስላልከኝ የእግር ኳስ አጥቂያችሁ ግን፣ መቁጠሩ ችግር የለውም። ጓደኛው ባዶ ጎል ፊት ቆሞ እጁን እያውለበለበ እሱ ከጥግ የሚመታ ከሆነ አሰልጣኙ ቀይሮ ያስቀምጠው። በሚቀጥለው ጨዋታ ያቀብላል።