ካርቴጅ ከካኔ ድል በኋላ ሮምን ማሸነፍ ትችል ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከወንድሜ ጋር፣ የሰሜን አፍሪካዋ ጥንታዊ ከተማ ካርቴጅ በጦር አዛዥዋ በሃኒባል እየተመራች ከሮም ጋር ስላደረገችው ጦርነት አንድ ክርክር ይዘናል። እሱ «ሃኒባል ከካኔ ጦርነት በኋላ ወዲያው ወደ ሮም ቢገሰግስ ኖሮ ያበቃላት ነበር» ይላል። እኔ ደግሞ ጦርነቱ ሲረዝም ካርቴጅ መሸነፏ አይቀርም ባይ ነኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?
አንባቢዎ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ወዳንቺ አደላለሁ። ወንድምሽም ግን ብቻውን አይደለም። የሃኒባል የፈረሰኞች አዛዥ ማሃርባልም ይህንኑ መክሮት ነበር ይባላል።

ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ካኔ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216፣ ሮም በአንድ ቀን ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው አለቀባት። ይሁን እንጂ ከዚያ እስከ ሮም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሃኒባል የግንብ መስበሪያ መሣሪያ አልነበረውም። ስፔን ውስጥ ሳጉንቱም የምትባል አንዲት ከተማ ለመያዝ እንኳ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። ደግሞስ ዕቅዱ መቼ ሮምን መክበብ ሆነና! የሮምን አጋሮች አስከድቶ እሷን ብቻዋን ማስቀረት ነበር የፈለገው። የማረካቸውን የአጋር ወታደሮች ያለ ቤዛ ወደየቤታቸው የሚሸኘውም ለዚህ ነው።

ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪየስ የጻፈው አንድ ነገር አለ፤ ሁሌም ይገርመኛል። የሃኒባል ወንድም ማጎ ካርቴጅ ሄዶ፣ ከሞቱት ሮማውያን ጣት የወለቁ የወርቅ ቀለበቶችን ሸንጎው ደጃፍ ላይ ዘረገፈ። ሁሉም ሲደሰት ሃኖ የሚባል ተቃዋሚ ተነሥቶ ጠየቀው። ከላቲኖች፣ ከሮም የቅርብ አጋሮች፣ የከዳ አለ? ሮማውያን የሰላም መልእክተኛ ልከዋል? ማጎ የለም አለ። እንግዲያው፣ አለ ሃኖ፣ ጦርነቱ ገና የተጀመረበት ቦታ ላይ ነው።

ሃኖን ብዙ ሰው እንደ ምቀኛ ያየዋል። ለእኔ ግን ነገሩ የገባው እሱ ነው።

ካፑዋ፣ ያቺ ሀብታም ከተማ፣ ወደ ሃኒባል ዞረች። ውሏን ግን ተመልከቺ፤ የካፑዋ ሰው ሳይወድ እንዳይዘምት የሚል አለበት። ስለዚህ ሃኒባል ያገኘው ወታደር ሳይሆን የሚጠብቃት ከተማ ነው። እሷን ሊከላከል ሲሮጥ ሌላዋን ያጣል። በ211 ሮማውያን መልሰው ያዟት። ሮም በበኩሏ 8,000 ባሪያዎችን ገዝታ አስታጠቀች፤ በዚያው ሰሞን 25 ሌጌዎን (የሮም ክፍለ ጦር) ድረስ አሰለፈች። ካርቴጅ የምትዋጋው በአብዛኛው በቅጥር ወታደር ነው። ደመወዙ ደግሞ ከስፔን ማዕድን የሚወጣ ብር ነው። ወጣቱ የሮም ጄኔራል ስኪፒዮ በ209 የስፔን መናኸሪያዋን፣ የዛሬዋን ካርታኼና፣ ሲይዝ ምንጩ መድረቅ ጀመረ። ባሕሩም ሁለቱ ከተዋጉበት ከፊተኛው ጦርነት ጀምሮ በሮም እጅ ስለነበር፣ ለሃኒባል ከአገሩ የደረሰለት ጦር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ታዲያ ካርቴጅ ጨርሶ ተስፋ አልነበራትም ወይ? ነበራት እንጂ። በ209 ለሮም ወታደርና ገንዘብ ከሚያዋጡት 30 የላቲን ሰፈራዎች 12ቱ «ሰውም ገንዘብም አልቆብናል» ብለው እምቢ አሉ። የቀሩት 18ቱም ቢከተሏቸው ሮም ምን ይውጣት ነበር?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የ207ቱ ነው። ሌላው የሃኒባል ወንድም ሃስድሩባል አልፕስን ተሻግሮ ሰሜን ጣሊያን ገባ። የት እንደሚገናኙ የሚገልጽ ደብዳቤ በስድስት ፈረሰኞች ላከ። ፈረሰኞቹ በጠላት መሐል ጣሊያንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸውም። ሃኒባል ግን ቦታ ቀይሮ ነበር። ሲፈልጉት መንገድ ስተው ታሬንቱም አካባቢ ተያዙ። ደብዳቤውን ያነበበው የሮማው አዛዥ ኔሮ 7,000 ሰው መርጦ፣ ሃኒባል ሳይነቃበት፣ ሌት ተቀን ወደ ሰሜን ገሰገሰ። ሃስድሩባል ሜታውሩስ ወንዝ አጠገብ ተገደለ። ሃኒባል የወንድሙን መሞት ያወቀው ጭንቅላቱ ጦር ሰፈሩ ፊት ሲወረወር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው፣ በ202 ዛማ ላይ ሃኒባል በስኪፒዮ መሸነፉም ጭምር፣ ለእኔ ያለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ካኔን ትቶ «ያ ደብዳቤ ደርሶ ቢሆንስ?» ብሎ ቢሞግትሽ፣ ያኔ እኔም እንዳሁኑ አፌን ሞልቼ ካንቺ ጋር አልቆምም።