እጃቸውን ብቻ ያየሁላቸው ልብስ ሰፊ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው በሁለት ጉዳይ ነው። አንዱ ጀማሪ ሐኪም ይሆንና፣ «ጋሼ፣ ለፓርኪንሰን ታካሚዬ የሌቮዶፓ ክኒናቸውን መጠን ከፍ ላድርግላቸው?» ይለኛል። ሌላው አባቱን የሚያሳክም ልጅ ነው። «ዶክተር፣ እጁስ በመድኃኒቱ ተሽሎታል። አባቴ ግን አባቴን አልመስል አለኝ። ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል።» ለሐኪሙ በሁለት ደቂቃ እመልሳለሁ። ለልጁ ግን በስልክ የምለው አጥሮኝ ስለሚቀር፣ ስለ ፓርኪንሰንና አብሮት ስለሚመጣው ድባቴ (ዲፕሬሽን) ይህን ጻፍሁ። ሐኪሞቹም ብታነቡት አልጠላም።

ከብዙ ዓመት በፊት ስድሳውን የተሻገሩ ልብስ ሰፊ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ ዕቃ ሲያነሱበት ጋብ ይላል። ሲራመዱ ያ እጅ አይወዛወዝም። ክንዳቸውን አጥፌ ስዘረጋው እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንገጫገጫል። በሽታውን ለማወቅ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ እኔም በራሴ ተደስቼ መድኃኒቱን መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤታቸው ይሄኔ፣ «ዶክተር፣ የእጁ ነገር የዘንድሮ ነው። እሱ ከጠፋብኝ ግን ሁለት ዓመት ሆነው» አሉኝ። እድር መሄድ ትተዋል። የልጅ ልጃቸው ሲመጣ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሌሊት ተነስተው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ከወረቀቴ ቀና ሳልል፣ «አይዞዎት እትዬ፣ በሽታው አሳስቧቸው ነው። እጃቸው ሲሻላቸው ይተዋቸዋል» አልኩ።

ስህተቴን አያችሁት? ሴትየዋ ሐዘኑ ከእጁ ይቀድማል እያሉኝ ነው። ገና ያልመጣ መንቀጥቀጥ እንዴት ሰው ያሳዝናል?

ሐኪሞች ይህን ስህተት ስንሠራው ኖረናል። እንግሊዛዊው ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን ሲገልጽ የስሜት ሕዋሳትና የማሰብ ችሎታ እንደማይነኩ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣነው ዓይናችንን እጅና እግር ላይ ተከልን። አንጎል ውስጥ ሲታይም መጀመሪያ የተገኘው የእንቅስቃሴው ጉዳይ ነው፦ በመካከለኛው አንጎል ያለው ጥቁር ቀለም ያዘለ ክፍል፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባለው፣ ዶፓሚን (በአንጎል ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል) አመንጪ ሕዋሳቱ ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 በቪየና ተመራማሪዎቹ ኤሪንገርና ሆርኒኪዬቪች በሟች ታካሚዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ክፉኛ መቀነሱን አሳዩ፤ በማግስቱ ዓመት አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ለሰው ተሰጠ። የተኛ ሰው ተነስቶ ሲሄድ ያየ ሐኪም ሁሉ ነገር በዶፓሚን የተፈታ ቢመስለው አይፈረድበትም።

(በነገራችን ላይ ሌቮዶፓ ከባቄላ ተለይቶ የወጣው ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። አዎ፣ የእኛው ባቄላ። ይህን የሰማ አንድ ታካሚዬ ክኒኑን ትቶ እሸት ሲበላ ከርሞ፣ እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ በልጆቹ ተደግፎ መጣ። እሸቱ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፤ ስለዚህ ክኒኑን አይተካም።)

ጥቁሩ ክፍል ግን ለብቻው አይጎዳም። ከእሱ ዝቅ ብሎ በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሌየስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ትርጉሙ ሰማያዊ ቦታ ማለት ነው። እንደ ዶፓሚን መልእክት አድራሽ የሆነው ኖራድሬናሊን የሚረጨው ከዚያ ሲሆን ንቃትን፣ ትኩረትንና ድንጋጤን ይገራል። በግንዱ መሐል ለመሐል ደግሞ ሴሮቶኒን የተባለ ሌላ መልእክት አድራሽ አመንጪዎቹ የራፌ ሕዋሳት ተደርድረዋል። ከሦስቱም የሚነሱ ክሮች ደስታን፣ ፍርሃትንና ጉጉትን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ይሄዳሉ። ጀርመናዊው የአንጎል አናቶሚ ሊቅ ሄይኮ ብራክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ሥርዓት እንደሚለው፣ በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን መጠራቀም የሚጀምረው ከታችኛው የአንጎል ግንድና ከማሽተቻው አካባቢ ነው። ከዚያ ሰማያዊውን ቦታና ራፌን ይይዛል፤ ጥቁሩ ክፍል የሚደርሰው ቀጥሎ ነው። ሁሉም ታካሚ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል ማለት አይደለም። ሆኖም ብዙዎቹ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ በፊት የሚቆላ ቡና ሽታ ለምን እንደሚጠፋባቸው፣ ሆዳቸው ለምን እንደሚደርቅ፣ ለምን ከሰው እንደሚሸሹ ያስረዳኛል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በሕይወት ያሉ ታካሚዎችን በፔት ስካን (የአንጎልን ሥራ በስዕል በሚያሳይ ምርመራ) አየ። በሽታው ከያዛቸው ተቀራራቢ ጊዜ የሆናቸውን ታካሚዎች፣ ድባቴ ያለባቸውንና የሌለባቸውን አነጻጸረ። ድባቴ ባለባቸው ላይ የዶፓሚንና የኖራድሬናሊን ክሮች በሰማያዊው ቦታና በስሜት ክፍሎቹ ይበልጥ ሳስተው ተገኙ። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ቢሆንም የልብስ ሰፊውን ባለቤት ወሬ በስዕል ያየሁት ያን ጥናት ያነበብሁ ቀን ነው። «ሴሮቶኒን አነሰ፣ አለቀ» የሚል አጭር መልስ ስትሰሙ ግን ተጠንቀቁ፤ በፓርኪንሰን ድባቴ የሴሮቶኒን ድርሻ እስካሁን ያከራክራል። የሰው ሐዘንም ሐዘን ነው፤ መርፌ መያዝ ያቃተው ልብስ ሰፊ ቢከፋው ማን ይፈርድበታል? ሁለቱ ተደራርበው ይመጣሉ።

ጉዳዩ ብርቅ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ያየ ግምገማ፣ ከታካሚዎቹ 35 በመቶ ያህሉ ትኩረት የሚያሻው የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው፣ 17 በመቶ ያህሉ ከባዱ ድባቴ እንዳለባቸው አግኝቷል።

መለየቱ ላይ ነው ችግሩ። ፓርኪንሰን ፊትን ያደርቃል፣ ድምፅን ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያከሳል። ምንም ያልከፋው ሰው የከፋው ይመስላል፤ ቤተሰቡም «አኮረፈን» ይላል። በእውነት የከፋውን ደግሞ «ፊቱ እኮ በበሽታው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ ፊቱን ትታችሁ ሰውዬውን ጠይቁ። ምን ያስደስትዎት ነበር? አሁንስ? ሸክም የሆኑ ይመስልዎታል? ምንም የማያጓጓው ግን የማያዝንም ሰው አለ፤ እሱ ግድ ማጣት ነው፣ ሌላ ጉዳይ። ሰዓቱንም ጠይቁ። አንዲት እናት በየቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያለቅሱ ነበር፤ ስንቆጥረው የቀኑ ክኒን ኃይሉ የሚያልቅበት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ክኒኑን አቀራረብንላቸው፣ ለቅሶው ቀለለ።

ወደ ልብስ ሰፊው ልመለስ። በስድስተኛው ወር እጃቸው በጣም ተሽሏቸው መጡ። ኪሎ ቀንሰዋል። ባለቤታቸውን ውጭ እንዲቆዩ ለምኜ፣ «ጋሼ፣ መኖር ሰልችቶዎት ያውቃል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ቀን እንደሚቆጥር ሰው፣ «ከዐቢይ ጾም ወዲህ በየቀኑ» አሉኝ። ያኔ ሰኔ ነበር።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አትፍሩ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። መልሱ አዎ ከሆነ ሰውዬውን ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን የአእምሮ ሐኪም ጋ አድርሱት።

ሕክምናው አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሙከራ ጥናት ፓሮክሴቲንና ቬንላፋክሲን የተባሉት የድባቴ መድኃኒቶች የእንቅስቃሴውን ችግር ሳያባብሱ ድባቴን እንደሚያቀልሉ አሳይቷል። የንግግር ሕክምናም ይረዳል፣ በእግር መሄድም እንዲሁ። በየጤና ጣቢያው የሚገኘውን የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ለአዛውንት ስትጽፉ ግን ሁለቴ አስቡ፤ ሲነሱ ያዞራል፣ ሽንት ይይዛል፣ ያደናግራል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልና ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ዶፓሚንን ስለሚዘጉ ታካሚውን ያደርቁታል። ለቤተሰብ የምለው ደግሞ፣ ጠበል ስትወስዷቸው ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ሌቮዶፓ ድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ድረስ የሚያደርስ አደጋ አለው፤ እኔ የማውቃቸው ካህናትም መድኃኒት ተው አይሉም። አዲስ አበባ ውስጥ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ድጋፍ ድርጅት አለ። አባታችሁ እንደሱ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው አይቶ አያውቅ ይሆናልና ውሰዱት።

ልብስ ሰፊው ወደ አንድ ዓመት ታከሙ። እጃቸው መንቀጥቀጡን አልተወም፣ መርፌም ተመልሰው አልያዙም። ማሽኑ ላይ ልጃቸው ተቀመጠ። ባለቤታቸው በመጨረሻ ሲመጡ እየሳቁ ነበር። «ዶክተር፣ ትናንት ስፌቱን አጣመምክ ብሎ ልጁን በገበያተኛ ፊት አዋረደው» አሉኝ።