ዕቃውን እንላክ ወይስ ሸጠን ገንዘቡን?

ለተፈጥሮ አደጋ ተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለሚደረግ ያገለገሉ ዕቃዎች ባዛር የላካችኋቸው ጥያቄዎች በዛ ብለዋል። ዛሬ የተወሰኑትን እንይ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። አንድ ሰፈር የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ጎርፍ ቤት ንብረታቸውን ለወሰደባቸው ሰዎች ከየቤቱ ያገለገለ ዕቃ ሰብስበን ባዛር ልናዘጋጅ ነው። ግን «ለምን እንሸጠዋለን? ልብሱንም ድስቱንም እንዳለ ጭነን አንልክላቸውም?» የሚሉ አሉ። ለሁለት ተከፍለናል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሽጡት፣ ገንዘቡን ላኩ። በዚህ ጉዳይ አላመነታም።

እንዳለ እንላክ የሚሉት ጓደኞቻችሁ ክፉ አላሰቡም። ልብሱን ጎርፍ የወሰደበትን ሰው ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ልብስ መስጠት ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየከረጢቱ የታጨቀ ልብስ የሚጭነው መኪና፣ የሚራገፍበት መጋዘን፣ የልጁን ከአዋቂው የሚለይ ሰው ይፈልጋል፤ አደጋ በደረሰበት ቦታ ደግሞ የሚጠፉት እነዚሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ከመታ በኋላ ዕርዳታ የጫነ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት ነበር፤ ምክንያቱ ማኮብኮቢያው ላይ ማንም ያልጠየቀው ልብስ ተከምሮ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በኋላም ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ የተራገፈ አሮጌ ልብስ የሚለየው ሰው ጠፍቶ በስብሶ በመጨረሻ ቤንዚን ተርከፍክፎበት ተቃጠለ። ያንን ልብስ አጥፈው የሰጡት ሰዎች ቅን ሰዎች ነበሩ፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

ገንዘብ ግን መጋዘን አይፈልግም። ተጎጂው መድኃኒት ይቅደም ወይስ ቆርቆሮ የሚለውን ከእኛ በተሻለ ያውቃል። እዚያው አካባቢ ሲገዛ ደግሞ አብሮት የተጎዳው ባለሱቅም ይነሳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦክስፋም የተባለው የዕርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1942 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ የተቋቋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለተራበችው ግሪክ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለግሪክ ዕርዳታ ሲለምን ሰው የሰጠው ዕቃ ስለበዛበት፣ እሱን ሸጦ ገንዘብ ለማድረግ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከተማው ውስጥ ሱቅ ከፈተ። እናንተ ሰፈር ውስጥ ልታደርጉት ያሰባችሁት ይኸንኑ ነው፣ ለጓደኞቻችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ሽያጩን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ሁለት ነገር እያጨቃጨቀን ነው። አንደኛ፣ ሰው የሰጠንን ዕቃ በርካሽ መሸጥ ንቀት አይሆንም? ሁለተኛ፣ አንዳንድ ረዳቶች ባዛሩ ሳይከፈት ጥሩ ጥሩውን መርጠው መውሰድ ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ ባዛር የሚያበላሸው እሱ ነውና። ረዳት መግዛት ይችላል፤ ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ፣ በተለጠፈው ዋጋ፣ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ። ይህን፣ ዕቃ መሰብሰብ ሳትጀምሩ፣ ተናገሪ። ቆንጆው ጃኬት ከተነሳ በኋላ ከተናገርሽው ስለ አንድ ሰው የተወራ ይመስላል፣ ቅያሜም ያመጣል። ዕቃውን የሰጠችው ጎረቤት ጃኬቷን ባዛሩ ሳይከፈት ረዳቱ ለብሶት ካየች፣ የሚቀጥለው ዓመት ምንም አትሰጥሽም። ልክ ናት።

ዋጋን በተመለከተ፣ ንቀት የሚሆነው ዕቃው ሳይሸጥ ማታ ወደ ቆሻሻ ሲሄድ ነው። ለሰጪው ትዝታ ያለበት ነገር ነው፤ ገዢው ግን የሚያየው አሮጌ ወንበር ነው። አዲሱ ስንት እንደሚያወጣ እዩና ከሩብ ወይም ከሲሶው ጀምሩ። ልብስ ከዚያም ይወርዳል። ዋጋ ሁሉም ዕቃ ላይ ይለጠፍ፣ ብዙ ሰው መጠየቅ ያፍራልና ዝም ብሎ ያልፋል። ትንንሹን ነገር አንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ዋጋ አድርጉት። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ማራዘሚያ ገመድ ዘርጉና ገዢው ሰክቶ ይሞክረው፣ ያን ጊዜ ሳይከራከር ይከፍላል። የመጨረሻው ሰዓት ላይ «ከረጢት ሙሉ በአንድ ዋጋ» በሉ።

ደግሞ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ በትልቁ ጽፋችሁ መግቢያው ላይ ስቀሉ። ሰው ይህን ሲያነብ ዋጋ መከራከሩን ይተዋል፣ የገንዘቡን መልስም «ይቅር» የሚለው ብዙ ነው። ስለዚህ ከሒሳቡ ጠረጴዛ አጠገብ የተቆለፈ የልገሳ ሣጥን አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምና ሰፈራችን እንዲህ ያለ ባዛር አድርጎ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ሳናውቅ ቀረን። ዘንድሮ ሒሳቡን ያዙልን ብለውኛል። ልያዝ? ወይስ ስሜን ላጠፋ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይያዙ። ግን ብቻዎን አይያዙ፤ ይህን የምልዎት ስምዎን ስለማስብ ነው።

የሚቀበለውን ድርጅት ከሽያጩ በፊት ወስኑ። ተጎጂዎቹ ያሉበት ቦታ አስቀድሞ የሚሠራ፣ ሒሳቡን በየዓመቱ የሚያወጣ ይሁን። ለምሳሌ የየአገሩ ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ ማኅበር። ደውላችሁ ገንዘቡ ለዚሁ አደጋ ብቻ ይዋል ብትሉ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ፣ ቦታው ላይ ቆሞ ከመከራከር ይሻላል።

በዕለቱ ለመልስ የያዛችሁት ዝርዝር ገንዘብ ስንት እንደሆነ ጠዋት ይጻፍ፣ ማታ ከጠቅላላው ይቀነሳልና። ገንዘብ መቀበያው አንድ ቦታ ይሁን፣ ሁለት ሰው ይቀመጥበት። በስልክ የሚከፈለው ወደ ግለሰብ ሒሳብ አይግባ፤ ቢቻል በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ይሂድ። ማታ ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች ቆጥረው ይፈርሙ። ባዛሩ ካለቀ በኋላ የተሸጠውን ጠቅላላ፣ ወጪውን፣ የተላከውን እና የድርጅቱን ደረሰኝ ፎቶ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ላኩ። አምና የጎደለው ምናልባት ይህ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ሌብነት ነበረ ማለቴ አይደለም። ያልተነገረው ሰው ግን ሌብነት ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ የማንቀበለው ዕቃ አለ? የተረፈውንስ የት እናድርሰው?

መልስ፦ አለ። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ አትቀበሉ። አሜሪካ ሕፃናት ስለሞቱበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች፣ አሮጌውንም ጭምር። ታሪኩ የማይታወቅ የልጅ የመኪና ወንበርም አይሁን። የወደቀ ሄልሜትም እንደዚያው፤ ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ አንዴ ከተጨፈለቀ ጭንቅላት አያድንም። ስልክ ከመጣ ባለቤቱ ራሱ ሪሴት ያድርገው፣ ሲምና ሜሞሪ ካርዱም ይውጣ። ኮምፒውተር ላይ ፋይል ስለጠፋ ጠፋ ማለት ስላልሆነ ሐርድ ዲስኩን አውጥቶ መስጠት ይሻላል። የልብስ ኪስም ይፈተሽ፣ ከገንዘብ እስከ መታወቂያ ይገኝበታል።

የተረፈውን ማን እንደሚወስደው ከባዛሩ በፊት ተስማሙ፤ መኪና ይዞ በዚያው ምሽት የሚመጣ ሰው ስሙና ሰዓቱ ይታወቅ። አለበለዚያ የተረፈው ሁሉ አንዱ ረዳት ቤት ገብቶ ወራት ይቀመጣል።